ዜብራ ዓሣ፦ ስለ ውኃ የምትመሰክረው ዓሣ

ከሊማሊሞ ቁልቁል ወርዶ አዲ አርቃይን የሚያልፈው መንገድ በማይጸብሪ በኩል ተከዜን ይሻገርና በሽሬና በአክሱም አድርጎ ዓድዋ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ እዚያው ዓድዋ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ግርጌ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል፣ ከራስጌው ያሉት ግን ደኅና ናቸው። የቢልሃርዚያ ትል የሕይወቱን ከፊል የሚያሳልፈው በቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ በመሆኑ ግኝቱ ትልቅ ተስፋ አሳደረ። እ.ኤ.አ. በ1989ም ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር “አማራጭ ኖቤል” የሚባለውን ሽልማት አስገኘላቸው።

ነገር ግን ቀንድ አውጣውን የገደለው የእንዶድ አረፋ የዓሣንም ስንጥብ ይጎዳል። ውኃ ውስጥ የሚገባ ማንኛውም ኬሚካል ይህንኑ ጥያቄ ያስነሣል፤ የትኛውን ፍጥረት፣ በምን ያህል መጠን፣ በየትኛው ዕድሜው ይጎዳል? በዓለም ያሉ ቤተ ሙከራዎች ጥያቄውን ከሚያቀርቡላቸው እንስሳት አንዷ ዜብራ ዓሣ ናት።

ዜብራ ዓሣ ከጣት የማትረዝም፣ ጎኗ ላይ ሰማያዊ ሰንበር የተጋደመባት የደቡብ እስያ ዓሣ ናት። በትውልድ አገሯ በጅረቶችና በሩዝ ማሳዎች ውኃ ውስጥ ትኖራለች። ለዘረመል ጥናት ያስተዋወቃት በአሜሪካ ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ጆርጅ ስትራይሲንገር ነው። ተመራጭ ያደረጋት እንቁላሏ ነው። ሽሉ ከእናቱ ገላ ውጭ ያድጋል፣ ገላውም እንደ መስተዋት ያሳያል። በአንድ ቀን ውስጥ ልቡ ሲመታ በማጉያ መሣሪያ ይታያል፤ በሦስተኛው ቀን ገደማ ይፈለፈላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሙሉ ዘረመሏ ሲታተም ደግሞ ከሰው ዘረመሎች 70 በመቶ ያህሉ እርሷ ዘንድ አቻ እንዳላቸው ታወቀ።

በዚያው ዓመት በወጣው ዓለም አቀፍ የሙከራ መመሪያ መሠረት፣ አዲስ የተጣሉ እንቁላሎች የኬሚካሉ መጠን ደረጃ በደረጃ በሚጨምርባቸው ውኃዎች ውስጥ ለ96 ሰዓት ይቀመጣሉ። በየቀኑ አራት ነገሮች ይታያሉ፤ እንቁላሉ ረግቷል ወይ? የጀርባው ክፍሎች ሳይፈጠሩ ቀርተዋል ወይ? ጅራቱ ከአስኳሉ ሳይላቀቅ ቀርቷል ወይ? ልቡ መምታት አቁሟል ወይ? ከአራቱ አንዱ ከተገኘ ሽሉ እንደሞተ ይቆጠራል።

መርዝ ሁሉ ግን በአንድ መንገድ አይገድልም። ብርብራን እንውሰድ። በአገራችን ዓሣ ለማስከር የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ይበተናል። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን በስንጥብ በኩል ይገባና ህዋሳት ከኦክስጅን ጉልበት የሚያገኙበትን ሥራ ያቆማል። ስለዚህ ዓሣው ኦክስጅን በሞላበት ውኃ ውስጥ እንደታፈነ ይሞታል። በዜብራ ዓሣ ላይ አነስተኛ መጠን ሲሞከር የነርቭ ህዋሳትን እንደሚጎዳ ስለታየ፣ ተመራማሪዎች የፓርኪንሰንን በሽታ ለማጥናት ይጠቀሙበታል። እንደ ማላታዮን ያሉት የተባይ መድኃኒቶች ደግሞ ነርቭ ለጡንቻ ያስተላለፈውን መልእክት የሚያጠፋውን ኢንዛይም ያግዳሉ፤ ጡንቻው እየተንቀጠቀጠ ይዝላል። መዳብ በዓሣዋ ጎን ተደርድረው የውኃን እንቅስቃሴ የሚለዩትን ፀጉር መሰል ህዋሳት ይገድላል። ከወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል በሽንት በኩል ወደ ፍሳሽ የሚወርደው ሆርሞን ደግሞ ወንዱ ዓሣ የእንቁላል አስኳል ፕሮቲን እንዲሠራ ያደርገዋል።

ከእነዚህ ጉዳቶች ብዙዎቹ ወዲያው አይገድሉም። የጎኑ ህዋሳት የሞቱበት ዓሣ ይዋኛል፣ ይበላልም፤ የሚያሳድደው ጠላት ሲመጣ ግን በጊዜ አይሰማውም። ስለዚህ የሞተ ዓሣ ያልተንሳፈፈበት ወንዝ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ከዕፅዋት የተገኘ ሁሉም ጉዳት የለውም አይባልም፤ እንዶድና ብርብራ ምስክር ናቸው።

የቤተ ሙከራው ውጤት ግን እንዳለ ወደ እኛ ወንዞች አይገለበጥም። ዜብራ ዓሣ የምትፈተነው በ26 ዲግሪ ሙቀት፣ በተጣራ ውኃና ብዙውን ጊዜ በአንድ ኬሚካል ብቻ ነው። ከደጋ የሚወርድ ጅረት ቀዝቃዛ ነው፤ ደለልና የልብስ ሳሙና፣ የማዳበሪያ እጣቢና የአረም መድኃኒት ተቀላቅለው ይወርዱበታል። ሆኖም ዓሣ በለጋ ዕድሜው ለብዙ ኬሚካሎች ስስ መሆኑ ለእኛም ይሠራል። ላቤዮባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሦች በክረምት ወደ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ሽቅብ ወጥተው ጠጠራማ ስፍራ ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ገበሬው በጤፍና በስንዴ ማሳው ላይ ቱፎርዲ የተባለውን የአረም መድኃኒት የሚረጨውም በዚያው ወቅት ነው፤ ጎርፉ ደግሞ የተረጨውን ጠርጎ ወደ ወንዝ ያወርዳል። መርጫን ከወንዝ ርቆ ማጠብና ዝናብ ሊጥል ሲያስገመግም አለመርጨት ዓመቱን ሙሉ ይጠቅማል፤ በክረምት ግን የሚቀጥለውን ዓመት ዓሣ ያተርፋል።