የጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም፦ ታሪክዋና የሕንጻዋ አሠራር

ከጎንደር ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ በምትገኘው በጎርጎራና በአካባቢዋ፣ በማርያም ስም የሚጠሩ ሁለት ሕንጻዎች አሉ። አንደኛው በድንጋይና በኖራ የታነጸው ማርያም ግንብ ሲሆን፣ ዛሬ አብዛኛው ክፍሉ ፈርሶ ይታያል። ሁለተኛዋ የሣር ክዳን ያላት የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ናት። በእርሷ ግን ቅዳሴው አልተቋረጠም። ብርቱ የሚመስለው ወድቆ ደካማ የሚመስለው የቆመበትን ምክንያት ለመረዳት ሁለቱን በአንድነት መመልከት ያስፈልጋል።

በትውፊት እንደሚነገረው ደብረ ሲና የተመሠረተችው በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመነ መንግሥት (ከ1314 እስከ 1344 እ.ኤ.አ.) ነው። ስመ ጥር ያደረጓት ሥዕሎች ግን የ17ኛው ምዕተ ዓመት ሥራዎች ናቸው። በዚያው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ሱስንዮስ ጎርጎራን መቀመጫቸው አድርገዋት ነበር። በ1622 እ.ኤ.አ. ያረፈው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በዚያ የድንጋይ ሕንጻ አሠርቷል፤ ማርያም ግንብም የዚሁ የኢየሱሳውያን እንቅስቃሴ ውጤት ነው። በ1632 ሱስንዮስ የካቶሊክ እምነት የመንግሥት ሃይማኖት እንዲሆን የደነገጉትን ሽረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሚሲዮናውያኑ ተባረሩ፤ ቤተ መንግሥቱም በ1636 ገደማ ወደ ጎንደር ተዛወረ። የኖራ ጥበብ ለጎንደር አብያተ መንግሥት ሲያገለግል፣ የጎርጎራው ግንብ የሚጠግነው መንግሥት አጣ። ደብረ ሲና ግን የምትጠገነው በሰበካዋ ሕዝብ ነበርና የነገሥታቱ መሄድ አላፈረሳትም።

የደብረ ሲና አሠራር በጎንደር ደጋ መንደሮች ሁሉ ከሚታየው ክብ ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ ነው። የውጭው ዙሪያ ቅኔ ማሕሌት ሲባል፣ ካህናትና ደብተራዎች የሚዘምሩበት ነው። ቀጥሎ ቅድስት አለ፤ ቆራቢዎች ሥጋ ወደሙን የሚቀበሉት በዚህ ነው። ከመካከሉ አራት ማዕዘን የሆነው መቅደስ ይቆማል፤ ታቦቱም በመንበሩ ላይ ሆኖ በዚያ ይቀመጣል። አራት ማዕዘኑ በክብ ውስጥ የገባው ለጌጥ ብቻ አይደለም። በዚህ ዓይነት አሠራር ከመቅደሱ ግድግዳ በላይ እንደ ከበሮ ክብ ሆኖ የሚነሣው ክፍል የጣራውን መካከል ይሸከማል፤ ከእርሱ ወደ ውጭው ግድግዳ የተዘረጉት እንጨቶችም ክዳኑን ይይዛሉ። ስለዚህ የሃይማኖቱ ሥርዓትና የክብደቱ አደላደል በአንድ ንድፍ ይፈጸማሉ።

ሥዕሎቹ የሚገኙት በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። መጽሐፍ ማንበብ ለማይችለው ምእመን ትምህርት ሆነው ኖረዋል። ሥዕሎቹን ያሠሩት የሱስንዮስ ልጅ ወይዘሮ መለኮታዊት እንደሆኑ ይነገራል። አሣሣላቸው የመጀመሪያው የጎንደር ስልት ከሚባለው ይመደባል፤ ይኸውም ጥላ የሌለው ደማቅ ቀለም፣ ግልጽ መስመርና ሰፋፊ ዓይን የሚታይበት ነው። በዘመኑ ልማድ ሠዓሊው ብዙውን ጊዜ በጥጥ ጨርቅ ላይ ሥሎ ጨርቁን በግድግዳው ላይ ያጣብቀዋል። ጨርቅ ደግሞ እርጥበት ክፉ ጠላቱ ነው።

ዋናው ችግር ከጣራው ይጀምራል። የሣር ክዳን በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት፤ እሳትም ፈጥኖ ይይዘዋል። በ1888 እ.ኤ.አ. ድርቡሾች ጎንደርን በወረሩ ጊዜ አብዛኞቹ የከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። ስለሆነም ብዙ ሰበካዎች በ20ኛው ምዕተ ዓመት ሣሩን በቆርቆሮ መለወጣቸው የሚነቀፍ አይደለም፤ የቆርቆሮን ዋጋ አዋጥቶ የገዛ ገበሬ ቤተ ክርስቲያኑን አክብሯል እንጂ አልበደለም። ይሁንና ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ በብርዱ ሰዓት ከሥሩ የሚያዠው ውሃም ከታች ባለው ሥዕል ላይ ይንጠባጠባል። ሣር ግን ሙቀቱን ያለዝባል፣ እንፋሎቱንም ቀስ አድርጎ ያሳልፋል።

በዚህ ረገድ ቅርሱን መጠበቅ ሕንጻውን በመመዝገብ ብቻ አይፈጸምም። ለክዳን የሚሆነው ረጅም ሣር የሚበቅልበት መስክ በእርሻና በግጦሽ ካለቀ፣ ክዳን የሚያውቁ ሽማግሌዎችም ያለተተኪ ካለፉ፣ ገንዘብ ቢገኝም ጣራውን እንደ ቀድሞው መመለስ ያዳግታል። የአካባቢ ዕቅድ አውጪዎች የሣሩን መስክ ከቤተ ክርስቲያኑ ለይተው ማየት አይገባቸውም። መምህራንም ቢሆኑ ለሒሳብ ትምህርት ሩቅ ምሳሌ አያሻቸውም፤ ተማሪዎች ገመድ ይዘው የመንደራቸውን ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ከውጭ ቢለኩ፣ በካህናቱ ፈቃድም ምሰሶዎቹን ቆጥረው ንድፉን ቢያነሡ፣ እስካሁን በእጅ ልምድ ብቻ ሲወራረስ የኖረው አሠራር በጽሑፍ ይሰፍራል።