ያለ ፓስፖርት በመርከብ መሔድ ይቻላልን?

አንባቢ ሆይ! ከሁሩሙ ስለ መርከብ ሲወራ ቢሰሙ ሳይገረሙ አይቀሩም። ሁሩሙ በኢሉባቦር፥ ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቡና አገር ናት እንጂ የወደብ ከተማ አይደለችም። ነገር ግን የአካባቢዋ ውሃ ከመርከብ ጋራ የቆየ ዝምድና አለው። የያዮን ደን ሰንጥቆ የሚወርደው የገባ ወንዝ ከብርብር ጋራ ሲገናኝ ባሮ ይባላል፤ ባሮም ከፒቦር ጋራ ተቀላቅሎ ሶባት ይሆናል፤ ሶባት ደግሞ ከነጭ ዓባይ ጋራ ሆኖ በካርቱም በኩል እስከ ሜዲቴራኒያን ባሕር ይዘልቃል። ውሃው ይህን ሁሉ አገር ሲያቋርጥ «ወረቀትህን አሳይ» የሚለው የለም። የሰው ነገር ግን ሌላ ነው።

በዚሁ ውሃ ላይ መርከብም ይመላለስበት ነበር። በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ባደረጉት ውል በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ተፈቀደ፤ ጋምቤላም የወንዝ ወደብ ሆነች። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ይመጡ ነበር፤ የኢሉባቦር ቡናም ከጎሬ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወርዶ ይጫንባቸው ነበር። ጣቢያው በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የመርከቡም ጉዞ ከጊዜ በኋላ ቆመ። እንግዲህ ዛሬ የሁሩሙ ሰው ስለ መርከብ ጉዞ የሚሰማው ከባሮ ዳር ሳይሆን ከባሕር ማዶ በሚደወል ስልክ ነው።

ለምሳሌ ያህል፥ አጎትዎ በአሜሪካ፥ በሜኔሶታ ይኖራሉ እንበል። አንድ ቀን ይደውሉና «ከማያሚ ተነሥቶ ባሃማስን አሳይቶ የሚመልስ የመዝናኛ መርከብ አለ፤ ፓስፖርት እንኳ አይጠይቁም፤ ና አብረን እንሒድ» ይሉዎታል። እርስዎም በመቱ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ፥ ወይም በወረዳው ጽሕፈት ቤት መዝገብ የሚይዙ ሰው ነዎትና፥ ኪስዎን ዳሰስ አድርገው «የቀበሌ መታወቂያዬ ይበቃ ይሆን?» ማለትዎ አይቀርም። አጎትዎ አልዋሹም፤ የነገሩዎት ግን የሕጉን ግማሽ ብቻ ነው።

ሕጉ የሚመለከተው ማንን ነው?

የአሜሪካ መንግሥት ከግንቦት 2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከጎረቤት አገሮችና ከካሪቢያን ደሴቶች በባሕር የሚመለሱ ዜጎቹ ፓስፖርት ወይም ሌላ የታወቀ የጉዞ ሰነድ እንዲያሳዩ አዘዘ። ሆኖም መርከቡ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ተነሥቶ እዚያው ወደብ ተመልሶ የሚቆም ከሆነ፥ የአገሩ ዜጋ ያለ ፓስፖርት እንዲመለስ ፈቀደ። በምትኩ ዜግነቱን የሚያስረዳ ወረቀትና ፎቶግራፍ ያለበት የመንግሥት መታወቂያ ማሳየት አለበት። እንግዲህ በአንድ ቤት የሚኖሩት ዘመዶችዎ የሚይዙት ወረቀት ምን ያህል እንደሚለያይ ይመልከቱ።

አጎትዎ የተወለዱት ሁሩሙ ነው፤ የአሜሪካ ዜግነት ግን አግኝተዋል። የአሜሪካ የልደት ወረቀት ስለሌላቸው ዜግነት ሲቀበሉ የተሰጣቸውን የምስክር ወረቀት ከመንጃ ፈቃዳቸው ጋራ ያሳያሉ። እዚያው የተወለደው ልጃቸው ከ16 ዓመት በታች ከሆነ የልደት ወረቀቱ ብቻውን ይበቃዋል። ሚስታቸው ግን የመኖሪያ ፈቃድ፥ ማለት ግሪን ካርድ፥ እንጂ ዜግነት የላቸውም፤ ስለዚህ ይህ ፈቃድ እሳቸውን አይመለከትም። ሲመለሱ ግሪን ካርዳቸውን ያሳያሉ፤ የመርከቡ ባለቤቶችና የሚጎበኘው አገር ደግሞ የኢትዮጵያ ፓስፖርታቸውን ሊጠይቋቸው ይችላሉ።

እርስዎስ? እርስዎ ማያሚ ለመድረስ አስቀድመው ፓስፖርትና ቪዛ ሊኖርዎ ግድ ነው። ደግሞም ቪዛው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የተሰጠ ከሆነ፥ ባሃማስን አይቶ ሲመለሱ በዚያው ቪዛ እንደገና መግባት አይችሉም። ለሦስት ቀን መዝናናት ብለው የጉብኝቱን በር በገዛ እጅዎ ዘጉት ማለት ነው።

ለአጎትዎም ቢሆን ነገሩ ያለ አደጋ አይደለም። ባሃማስ ወርደው ሲዘዋወሩ ቢታመሙ ወይም ቢዘገዩ፥ መርከብ እንደ አገር ቤት አውቶቡስ አንድ ሰው አይጠብቅም። መርከቡ ጥሏቸው ከሔደ የሚመለሱት በአውሮፕላን ነው፤ በአውሮፕላን ለሚመለስ ዜጋ ደግሞ የልደት ወረቀትና መንጃ ፈቃድ አይበቃም፤ ፓስፖርት ይጠየቃል። ስለዚህ ሕጉን የሚያውቁ ሰዎች ባይጠየቁም ፓስፖርታቸውን ከሻንጣቸው አይለዩም።

የእኛስ ወረቀቶች?

የቀበሌ መታወቂያ ቀበሌዎች በ1967 ዓ.ም. ከተቋቋሙ ወዲህ የመጣ የአገር ውስጥ ወረቀት ነው። ከሁሩሙ ጋምቤላ ለመውረድ፥ ባሕር ዳር ሔዶ በጣና ላይ በጀልባ ለመንሸራሸር ፓስፖርት አያስፈልግም፤ መታወቂያዎ ይበቃዎታል። ሌሴ ፓሴ የሚባለውን ደግሞ ብዙ ሰው ከፓስፖርት ጋራ ያደባልቀዋል። ሌሴ ፓሴ ፓስፖርት የጠፋበት ወይም ያልነበረው ኢትዮጵያዊ ከባዕድ አገር ወደ አገሩ እንዲገባ በኤምባሲዎቻችን የሚሰጥ ወረቀት ነው። ለመመለሻ እንጂ ለሽርሽር አይሆንም። በመርከብ ላይ የሚሠሩ ባሕረኞችም የራሳቸው መታወቂያ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1958 እና በ2003 የተደረጉ የዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት ስምምነቶች ስለዚህ መታወቂያ ይናገራሉ። ይህ ግን ለሠራተኛው እንጂ ለተሳፋሪው አይደለም።

ስለዚህ የእኛ አገር ሰው ወደ ውጭ ለመሔድ ከፓስፖርት አያመልጥም። ፓስፖርቱም ብቻውን የቆመ ወረቀት አይደለም፤ ከሥሩ የልደት ምስክር ወረቀትና መታወቂያ አሉ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሕግ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፥ ምዝገባው በአገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ፋይዳ የተባለውን የጣት አሻራና የዓይን ብሌን የሚመዘግበውን መታወቂያ የሚመለከተው ዐዋጅም በ2015 ዓ.ም. ወጣ። እነዚህ ወረቀቶች እርስ በርሳቸው ካልተስማሙ፥ ከላይ ያለው ፓስፖርት ይናጋል። የማይስማሙትም አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ነገር ነው።

አንደኛው የስም አጻጻፍ ነው። በኢሉባቦር ወረቀት በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይጻፋል። ጫልቱ የሚለውን ስም ይውሰዱ። በቁቤ ሲጻፍ «ሲ» በሚባለው ፊደል ብቻ ይጀምርና አናባቢዎቹ ይደረባሉ፤ በእንግሊዝኛ ልማድ ሲጻፍ ግን «ሲ» እና «ኤች» ተከታትለው ይመጣሉ፥ አናባቢውም ነጠላ ይሆናል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ይሁን እንጂ የልደት ወረቀቱ በአንዱ፥ ፓስፖርቱ በሌላው ከተጻፈ፥ ቋንቋችንን የማያውቅ የወደብ ሹም ሁለት ሴቶች ያሉ ይመስለዋል።

ሁለተኛው የቤተሰብ ስም ነው። እኛ በራሳችን፥ በአባታችንና በአያታችን ስም እንጠራለን። በባዕድ አገር ቅጽ ላይ የቤተሰብ ስም በሚጠየቅበት ቦታ የአያት ስም ይገባል። ስለዚህ አጎትዎ ለልጃቸው በአገራቸው ልማድ ስም አውጥተው ከሆነ፥ አባትና ልጅ በወረቀት ላይ የተለያየ የቤተሰብ ስም ይኖራቸዋል፤ እናትየውም ሌላ። ሕፃኑን ይዘው መርከቡ ደጃፍ ሲቆሙ «ይህ ልጅ የማን ነው?» መባሉ አይቀርም። መልሱን የሚሰጠው የአባትና የእናት ሙሉ ስም በትክክል የተጻፈበት የልደት ወረቀት ነው።

ሦስተኛው ዘመን አቈጣጠር ነው። ኅዳር 5 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ኖቬምበር 14 ቀን 1997 ተወለደ፤ ጥር 5 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደው ግን ጃንዋሪ 13 ቀን 1998 ነው። አንድ ጸሐፊ ዓመቱን ሳይመነዝር 1990ን እንዳለ በእንግሊዝኛው ቦታ ቢያሰፍረው፥ ባለ ጉዳዩ በአንድ የብዕር ጫፍ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አርጅቶ ይገኛል። የዕድሜ ገደብ ያለው የትምህርት ዕድል ሲመጣ ይህ ስሕተት ከመርከቡ ጉዞ የበለጠ ያስለቅሳል።

ዛሬ የሚሠራ ሥራ

አንባቢ ሆይ፥ መርከቡ ቢቀርም ይቅር። ነገር ግን ዛሬ ማታ የልደት ወረቀትዎን፥ የቀበሌ መታወቂያዎን፥ የፋይዳ ወረቀትዎን፥ የትምህርት ማስረጃዎንና ካለዎት ፓስፖርትዎን ከሣጥን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርጓቸው። የስምዎን ፊደል አንድ በአንድ ያስተያዩ፤ የአባትዎንና የአያትዎንም እንዲሁ፤ ቀኑንም መንዝረው ይመርምሩ። የሚለያይ ካገኙ ወደ መዘገበው መሥሪያ ቤት ሔደው እንዲታረም ይጠይቁ። ጉዳይ ሳይመጣ ሲታረም የቀናት ምልልስ ነው፤ ቪዛ በሚጠየቅበት ሳምንት ሲታረም ግን ጉዞውን ያስቀራል። ልጅ ከተወለደልዎም ሕጉ የሚሰጥዎ 90 ቀን ነውና «ሲያድግ አወጣለታለሁ» አይበሉ።

መዝገብ የሚይዙ ወጣት ጸሐፊ ከሆኑ ደግሞ አንድ ነገር እንለምንዎ። ባለ ጉዳዩ ስሙን ሲነግርዎ ደግመው ይጠይቁት፥ ጽፈውም ያሳዩት። ዛሬ ሁሩሙ ላይ የሳቱት አንድ ፊደል ከ20 ዓመት በኋላ በማያሚ ወደብ ላይ አንዱን ተሳፋሪ ከሰልፍ ሊያስወጣው ይችላል። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።