የመማሪያ ታብሌት እና የነገው ክፍል

የመማሪያ ታብሌት መጽሐፍን፣ ድምፅን፣ ምስልንና መልመጃን በአንድነት የያዘ፣ በጣት እየተነካ የሚሠራ ስስ ኮምፒውተር ነው። ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን የሚለየው የልጁን መልስ መቀበሉ ነው። በውስጡ የተጫነው ፕሮግራም ተማሪው ሲሳሳት ቀለል ያለ ጥያቄ ያቀርብለታል፤ ሲገባው ወደሚቀጥለው ያሻግረዋል።

ልጅን በየአቅሙ ማስተማር ለጎንደር አካባቢ እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት አንዱ ሕፃን ፊደል ሲቆጥር ሌላው ዳዊት ይደግማል፤ የቀደመው የኋለኛውን ያስጠናል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ብዙ ልጆችን በአንድ ክፍል ሰብስቦ ለሁሉም በአንድ ፍጥነት ያስተምራል።

በኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ በስፋት ወደ ክፍል ከገባባቸው ጊዜያት አንዱ የ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ነበር። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ቴሌቪዥን ተተከለ፤ ትምህርቱም በሳተላይት ይሰራጭ ጀመር። ቤተ ሙከራ ያልነበራቸው ተማሪዎች የሳይንስ ሙከራዎችን በምስል ማየት ቻሉ። ይሁን እንጂ ስርጭቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ተማሪ እጁን ቢያወጣም አይቆምም፤ መብራት ሲጠፋም የዕለቱ ትምህርት ያመልጣል። መምህሩም ለመግቢያና ለማጠቃለያ ከሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ በቀር የማስተማር ድርሻው ጠበበ።

በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ለሌላቸው ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጠ። ድርጅቱ እንደገለጸው፣ ልጆቹ መሣሪያውን ራሳቸው ከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ለመዱ፤ በአምስት ወር ውስጥም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ማስነሣት ቻሉ። የሕፃናቱ ብልሃት የሚያስደንቅ ነው። ሆኖም መሣሪያን ማዘዝ መቻል አንብቦ ከመረዳት ይለያል፤ አንብቦ ለመረዳት ታሪክ የሚያነብላቸውና የሚጠይቃቸው ሰው ያስፈልጋል።

ወደ ጎንደር አካባቢ ስንመለስ፣ የደምቢያዋ ቆላ ድባ ከተማ ከአዘዞ ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በዙሪያዋ ላሉት የገጠር ትምህርት ቤቶች የሚመቸው ኢንተርኔት የማይጠብቅ አሠራር ነው። ትምህርቱ በአንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይከማቻል፤ እሷም በራሷ ዋይፋይ በግቢው ውስጥ ላሉት ታብሌቶች ታዳርሳለች። ኮሊብሪ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በዚህ መንገድ ይሠራል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ትምህርቱን በውስጡ የያዘ ታብሌት እንዲህ ባለ ጊዜ ልጁ ቤቱ ሆኖ እንዲያጠና ይረዳዋል።

ቀጣዩ እርምጃ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ልጁ ጮክ ብሎ ሲያነብ መሣሪያው አዳምጦ የተሳሳተበትን ቃል ያሳየዋል፤ ማየት ለተሳነው ተማሪም ጽሑፉን ያነብለታል። ለዚህ ግን የየአካባቢው ልጆች አነጋገር በወላጆች ፈቃድ ተቀድቶ መሣሪያው በእሱ መሠልጠን ይኖርበታል። የተሳሳተ መልስ በእርግጠኝነት ሊሰጥም ስለሚችል የመምህር ቁጥጥር አይቀርለትም። ልጅ ለምን ዝም እንዳለ፣ ርቦት ይሁን ፈርቶ፣ የሚያውቀውም መምህሩ ነው።

ስለዚህ ታብሌት ከመገዛቱ በፊት በሥርዓተ ትምህርቱ መሠረት የተዘጋጀ የአማርኛ ይዘት፣ አስተማማኝ የኃይል ምንጭ፣ በቅርብ የሚገኝ ጠጋኝና የሠለጠነ መምህር መሟላት አለባቸው። እነዚህ ከተሟሉ መሣሪያው መምህሩን ያግዛል፤ ካልተሟሉ ግን የፕላዝማው ችግር ይደገማል።