የኮከብ ንዝረት፣ ከእንጦጦ እስከ ጮቄ

ትልቁን ከበሮ ከትንሹ በድምፁ ብቻ እንለያለን። ኮከብም እንዲሁ ነው። ከገጹ ሥር የሚፈላው ጋዝ የድምፅ ሞገድ ይፈጥራል፤ ሞገዱ ኮከቡን ያንቀጠቅጠዋል። የእኛ ፀሐይ በየ5 ደቂቃው ገደማ ትርገበገባለች። ከዚህ ንዝረት የኮከብን መጠን፣ ክብደትና ዕድሜ እናሰላለን፤ ለእኔ ከሥነ ፈለክ ሁሉ የሚደንቀኝ ይኼ ነው።

ችግሩ ንጋት ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ሲነጋ ልኬቱ ይቋረጣል፤ በተቆራረጠ መዝገብ ውስጥ ደግሞ እውነተኛው ንዝረት ከሐሰተኛው ጋር ይደባለቃል። መፍትሔው ቅብብል ነው፦ አንዱ ሲነጋበት በሌላ አገር ያለው ቴሌስኮፕ ይረከባል። በ2007 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ ፕሮሲዮን የተባለውን ደማቅ ኮከብ በ8 የምልከታ ጣቢያዎች ያሉ 11 ቴሌስኮፖች ተቀባብለው ተከታተሉት። በዴንማርክ ተመራማሪዎች የተጀመረው ሶንግ የተሰኘ የቴሌስኮፖች መረብ ይህን ቅብብል ቋሚ ለማድረግ ተነሣ፤ የመጀመሪያው ባለ1 ሜትር ቴሌስኮፕ በስፔኗ ቴኔሪፌ ደሴት፣ ሌላው በቻይና ዴሊንግሃ ቆሟል።

ካርታውን ግለጡና እዩት፤ ኢትዮጵያ በሁለቱ መካከል ናት። እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ሁለት ባለ1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉን፤ ግን የአዲስ አበባ መብራት ከሥራቸው ነው። የጎጃሙ ጮቄ ተራራ ግን ከ4,000 ሜትር ያልፋል፣ ሌሊቱም ጨለማ ነው። ክረምቱን ደመና ይሸፍነዋል፤ የበጋውን ሰማይ ጥራት ግን በመሣሪያ፣ ሌሊት በሌሊት፣ መለካት አለብን። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የሰሜኑንም የደቡቡንም ከዋክብት እናያለን። ፊዚክስ የምታጠኑ የጎጃም ልጆች፣ ከዚህ ልኬት ጀምሩ።