ሐኪሙን ማን ይጠብቀው? የድንገተኛ ሕክምና ክፍል በወረርሽኝ ወቅት

የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ከሌሎች የሆስፒታል ክፍሎች የሚለይበት አንድ ዐቢይ ባሕርይ አለው። ይኸውም ወደዚያ የሚገባው ሕመምተኛ በምን እንደታመመ ገና ያልታወቀ መሆኑ ነው። በተኝቶ መታከሚያ ክፍል ያለ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ የበሽታውን ስም ዐውቆ ይጠነቀቃል፤ የድንገተኛ ክፍል ባለሙያ ግን ስሙን ያልሰማውን በሽታ ፊት ለፊት ይጋፈጣል። እርሱ ሲታመም ሆስፒታሉ አንድ ሠራተኛ ያጣል፣ አንድ ተጨማሪ ሕመምተኛም ያገኛል። ከዚህም በላይ ባለሙያው ሕመሙ ሳይታወቅለት በሽታውን ወደ ሌሎች ሕሙማንና ወደ ቤተሰቡ ሊያደርስ ይችላል።

ከሳርስ የተገኘ ትምህርት

እ.ኤ.አ. ከ2002 መጨረሻ እስከ 2003 አጋማሽ ሳርስ የተባለው የመተንፈሻ አካል በሽታ በበርካታ አገሮች ተሰራጭቶ ነበር። ከ8,000 በላይ ሰዎች ሲያዙ 774ቱ ሞተዋል። ከተያዙት መካከል ከአምስት አንዱ ያህል የጤና ባለሙያ ነበር።

በማርች 2003 በሆንግ ኮንግ ፕሪንስ ኦፍ ዌልስ ሆስፒታል የሳንባ ምች የያዘው አንድ ሰው ተኝቶ ይታከም ጀመር። የአየር ቧንቧውን የሚያሰፋው መድኃኒት ፈሳሽን ወደ ጉም በሚለውጠው ኔቡላይዘር አማካይነት በቀን አራት ጊዜ ለሰባት ቀናት ተሰጠው። ለፈውስ የታሰበው ጉም ቫይረሱን በክፍሉ ውስጥ ሳያሰራጭ እንዳልቀረ ሐኪሞቹ በኋላ ገምተዋል። በሆስፒታሉ በተነሳው ወረርሽኝ በመጀመሪያ ከተመዘገቡት 138 ሕሙማን መካከል 69ኙ የጤና ሠራተኞች፣ 16ቱ ደግሞ የሕክምና ተማሪዎች ነበሩ።

በዚያው ወር በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ እናቱ ከሆንግ ኮንግ የተመለሱ አንድ ሰው በድንገተኛ ክፍል ውስጥ አልጋ እስኪገኝለት ሌሊቱን አሳለፈ። ከጎረቤቶቹ የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነበር። በዚያች ሌሊት በአቅራቢያው የነበሩ ሕሙማን ተያዙ፤ በሽታውም ከእነርሱ ወደ ሠራተኞች ተዛመተ።

ጥበቃው የሚጀምረው ከበሩ ነው

ከእነዚህ ክስተቶች እንደምንረዳው የመጀመሪያው መከላከያ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ሳይሆን ልየታ ነው። የሚያስልና የሚያተኩሰው ሰው ከበሩ ላይ ተለይቶ መሸፈኛ ሊሰጠውና ለብቻው ሊቀመጥ ይገባል።

ሁለተኛው መከላከያ አየር ነው። አየሩ በሚገባ የሚደባለቅ ከሆነና ተህዋሲያን የሚያወጣው ሰው ከክፍሉ ከወጣ፣ በአየር ላይ ከቀሩት ብናኞች 99 በመቶው እስኪወገዱ የሚፈጀውን ጊዜ ማንኛውም ተማሪ ሊያሰላው ይችላል። የ100ን ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም፣ ማለትም 4.6 ገደማን፣ የክፍሉ አየር በሰዓት ለሚለወጥበት ብዛት ማካፈል ነው። አየሩ በሰዓት 12 ጊዜ ቢለወጥ 23 ደቂቃ፣ 2 ጊዜ ብቻ ቢለወጥ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ይህን ለማግኘት የግድ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ በፔሩ ሊማ ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው፣ በሮችና መስኮቶች ሲከፈቱ የክፍሎቹ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይለወጥ ነበር። ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው የሰፋ አሮጌ ሕንፃዎች ከዘመናዊዎቹ የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። ሆኖም ነፋሱ ከሕመምተኛው ወደ ሌሎች ሰዎች እንዳይነፍስ መጠንቀቅ ያሻል።

የመጨረሻው መከላከያ

የግል መከላከያ ቁሳቁስ ቀጥሎ ይመጣል። ኤን 95 የተባለው መሸፈኛ እንደ ወንፊት ብቻ የሚሠራ አይደለም። ትልልቅ ብናኞች የአየሩን መታጠፍ መከተል ስለሚያቅታቸው ከጭረቶቹ ጋር ይጋጫሉ። እጅግ ደቃቆቹ ደግሞ ወዲያና ወዲህ ሲዋዥቁ ይያዛሉ። ለማጥመድ የሚያስቸግሩት መካከለኞቹ ናቸው፤ እነርሱንም በጭረቶቹ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ሙል ይስባቸዋል። መሸፈኛው በፊት ላይ በትክክል ካልገጠመ ግን አየሩ በጎን ስለሚገባ ይህ ሁሉ ጥበብ ከንቱ ይሆናል።

ቁሳቁሱን አሟልቶ መጠቀም ምን ያህል እንደሚረዳ ከአምስት የሆንግ ኮንግ ሆስፒታሎች በ254 ሠራተኞች ላይ የተደረገው የ2003 ጥናት ይመሰክራል። መሸፈኛ፣ ጓንት፣ ጋውንና እጅ መታጠብን አሟልተን ተጠቅመናል ካሉት 69 ሠራተኞች አንድም አልተያዘም። የተያዙት 13ቱ በሙሉ ከአራቱ ቢያንስ አንዱን አጓድለው ነበር። አወላለቁም እንደ አለባበሱ ጥንቃቄ ይሻል፤ የጓንቱና የጋውኑ ውጫዊ ገጽ የተበከለ ነውና።

ይህ ሁሉ ትምህርት ከተገኘ በኋላ እንኳ የዓለም ጤና ድርጅት ከጃንዋሪ 2020 እስከ ሜይ 2021 ባለው ጊዜ ከ80,000 እስከ 180,000 የሚደርሱ የጤና ሠራተኞች በኮቪድ-19 ሳይሞቱ እንዳልቀሩ ገምቷል። እንግዲህ ጥያቄው ለሐኪሞች ብቻ የሚተው አይደለም። የነገውን ድንገተኛ ክፍል መስኮት የሚነድፈው፣ የአየሩን ፍሰት የሚያሰላውና የመሸፈኛውን ጭረት የሚሠራው ዛሬ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ያለው ተማሪ ነው።