«ተርሚኔት»፦ ከወሰን ድንጋይ የተወለደ ግስ

በለንደን የምድር ባቡር የመጨረሻው ጣቢያ ላይ ድምፅ ማጉያው ባቡሩ እዚህ «ተርሚኔት» እንደሚያደርግ ይናገራል። መንገዱ አብቅቷልና ተሳፋሪው ሁሉ ይወርዳል።

ግሱ የመጣው ተርሚኑስ ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ወሰን ማለት ነው። ጥንታዊ ሮማውያን በማሳ መካከል የሚተክሉትን የድንበር ድንጋይ በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር፤ አልፈው ተርፈውም አምላክ አደረጉት። በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 23 ቀን ኩታ ገጠም ባለመሬቶች ከድንጋዩ ወዲህና ወዲያ ቆመው የየራሳቸውን የአበባ ጉንጉን ያኖሩለት፣ የጠቦት ወይም የአሳማ ግልገል ደም ይረጩበትና ከዚያ አብረው ይበሉ ነበር። በትውፊታቸው እንደሚባለው፣ በካፒቶሊን ኮረብታ ለጁፒተር ቤተ መቅደስ ሲሠራ ሌሎች አማልክት ቦታ ሲለቁ ተርሚኑስ ግን ንቅንቅ አልልም አለ። ድንጋዩ ከነቦታው ቤተ መቅደሱ ውስጥ ቀረ፤ ከበላዩም ጣሪያው ክፍት ተተወለት። ድንበር ሲገፋ ስንት ደም እንደሚፈስ የሚያውቅ የአገራችን ገበሬ በዚህ አምልኮ ብዙም አይገረምም።

ማሳው የሚያበቃበት ድንጋይ እያደር የማንኛውም ነገር ማብቂያ ሆነ። የቦሌው ተርሚናልና የተማሪ ቤቱ ተርም የዚሁ ቃል ልጆች ናቸው። ዛሬ ጨርሶ መደምሰስን የሚያመለክተው «ኤክስተርሚኔት» በላቲን ከወሰን ማዶ ማባረር ነበር። «ተርሚኔተር»ም የጄምስ ካሜሮን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1984 ከመታየቱ አስቀድሞ፣ በሥነ ፈለክ የጨረቃን ብሩህና ጨለማ ገጽ የሚለየው መስመር ስም ነበር።

የሮማው ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። ስሙን ያገኘው በአቅራቢያው ከነበሩት የዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያዎች ነው፤ ከወሰን ጋር ዝምድና የለውም።

በእንግሊዝኛ ማብቃትን የሚገልጹት ተመሳሳይ ግሶች እንደ ልብ አይተካኩም። «ኢንድ» የእንግሊዝኛው የራሱ ነባር ቃል ነው፤ ለሁሉም ይሆናል። «ፊኒሽ» የተጀመረን መጨረስ ነው፤ የላቲን ሥሩ ፊኒስም፣ ይገርማል፣ ወሰን ማለት ነበር። «ኮንክሉድ» ከመዝጋት የመጣ ስለሆነ ለስብሰባና ለንግግር ይስማማል። «ስቶፕ» የተባለ ነገር ነገ ሊቀጥል ይችላል። «ተርሚኔት» ግን ኮስታራ ነው፤ ምሳውን «ተርሚኔት» አደረግሁ የሚል ሰው ይሳቅበታል።

የ«ተርሚኔት» ቦታ ውልና ሕግ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል መቋረጥ የሚባለው እንግሊዝኛው በዚህ ቃል የሚገልጸው ነው። ከመሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ «ሰስፔንድ» የሚል ከሆነ ግን ሥራው ታገደ እንጂ ውሉ አልፈረሰም፤ ሁለቱን ሳይለዩ ጠረጴዛ ለቆ መውጣት አይገባም።