ኤች.አይ.ቪ የሴልን ዘበኛ እንዴት ያስባርራል?

«ሰውነቴ ጠንካራ ነው፣ ይቋቋመዋል» የሚሉ ልጆች በየትምህርት ቤቱ አይጠፉም። ነገሩ ግማሽ እውነት አለው። ሴሎቻችን ገና ሲፈጠሩ የታጠቁት መሣሪያ አለ። አንዱ አፖቤክ 3ጂ የሚባለው ፕሮቲን ሲሆን፣ ኤች.አይ.ቪን እንደሚከላከል የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ይህ ዘበኛ አዲስ በተሠራው ቫይረስ ውስጥ ተሳፍሮ ወደ ሌላ ሴል ይገባል። ቫይረሱ እዚያ የዘር መልእክቱን ሲገለብጥ ፊደላቱን ያበላሽበታል። ፊደሉ የተበላሸ ቫይረስ ደግሞ አይራባም።

ታዲያ ኤች.አይ.ቪ እንዴት ያሸንፋል? ቪፍ የሚባል የራሱ ፕሮቲን ስላለው ነው። ቪፍ ዘበኛውን በገዛ እጁ አይገድለውም፤ «ይህ የሚጣል ነው» የሚል ምልክት ያስለጥፍበታል። ከዚያ የሴሉ የራሱ ቆሻሻ ማስወገጃ ይፈጨዋል። ተንኮሉን አያችሁ? የቤቱን ዘበኛ በቤቱ ሰዎች ማስባረር እኮ ነው! በዚያ ላይ የዘር መልእክቱን በፕሮቲን ሽፋን ጠቅልሎ ስለሚጓዝ ሌሎቹ ጠባቂዎች ቶሎ አይነቁበትም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል። ስፖርት መሥራትም ሆነ መወፈር ቪፍን አያቆመውም። ለቫይረሱ የተጋለጠ ሰው ግን በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ይችላል። በፈጠነ ቁጥር ይሻላል፤ ቫይረሱ አንዴ ከሴሉ ዘር ጋር ከተጣመረ መድኃኒቱ ነቅሎ አያወጣውም።